ቆርኪው ይጥበቅ፣ ግን በእጅ ይከፈት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን አንድ አንባቢያችሁ «የውጭ አገር ቢራ በእጅ ተጠምዝዞ ይከፈታል፤ የእኛስ ለምን አይሆንም?» ብሎ የጻፈውን አነበብኩ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን ራሱ «ፋብሪካዎቹ ስለማያስቡልን ነው» ብሎ ዘጋው። ይኼኛው አልተዋጠልኝም።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ግሮሰሪ አለችኝ። ከዚያ በፊት ጠርሙስ የሚታሸግበት መስመር ላይ ጥገና እሠራ ነበር። ስለዚህ ቆርኪን ከሚታሸግበትም ከሚከፈትበትም በኩል አውቀዋለሁ። በእጅ የሚከፈት ቆርኪ ያስፈልገናል፣ በዚህ ከአንባቢያችሁ ጋር እስማማለሁ። ግን የሚጠመዘዘው ለእኛ ጠርሙስ አይሆንም። የሚሆነን ሌላ ነው።

መጀመሪያ ችግሩን እንነጋገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «መክፈቻ ይዞ መሄድ ነው፣ ምን ያካብዳል» ይለኛል። ግሮሰሪ ውስጥ እውነትም ችግር የለም። መክፈቻው በገመድ ታስሮ ባንኮኒው ላይ አለ፣ አስተናጋጁም ደንበኛው ፊት ይከፍታል። ችግሩ የሚጀምረው ሳጥኑ ከቤቴ ከወጣ በኋላ ነው። ሠርግ ቤት፣ ተዝካር ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ያ ሁሉ ሳጥን ተራግፎ መክፈቻው አንድ ይሆናል፣ እሱም የአንዱ ኪስ ገብቶ ይጠፋል። ከዚያ ማንኪያ፣ የቢላ ጀርባ፣ የበር መቀርቀሪያ፣ የድንጋይ ጠርዝ ይመጣል። ጥርስም ይመጣል። ባለፈው ጥር የሰፈራችን ልጅ ሠርግ ላይ ለስላሳ በጥርሱ ልክፈት ብሎ የፊት ጥርሱ ጫፍ ተሸረፈ። ልጁ ገና አሥራ ዘጠኝ አልሞላውም። አሁን ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

ሌላው የማይታየው ጉዳት ጠርሙሱ ላይ ነው። ባዶ ጠርሙስ ስረከብ አውራ ጣቴን በአፉ ዙሪያ አዞራለሁ። ልምድ ሆኖብኛል። ከከንፈሩ ሥር ትንሽ ጎደል ያለች ቦታ ካገኘሁ ያ ጠርሙስ ከድንጋይ ወይም ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ተመትቶ ነው የተከፈተው ማለት ነው። አከፋፋዩ አይቀበለኝም፣ ኪሳራው የኔ ነው። እሱስ ይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ የጎደለችዋ ስባሪ የት ገባች የሚለው ነው። መሬት ላይ ከወደቀች ደግ። መጠጡ ውስጥ ከገባችስ?

አንዲት ጎረቤት አሉኝ፣ እማማ ነው የምላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። ሆዳቸውን ሲነፋቸው ጋዝ ያለው ውሃ ይገዛሉ። እጃቸውን ቁርጥማት ይዞታል፣ መክፈቻ ቢኖራቸውም ጉልበት የለም። «ልጄ፣ ከፍተህልኝ ልሂድ» ይሉኛል። ከፍቼ ቆርኪውን መልሼ ደፋ አደርግላቸዋለሁ፣ ግን ዳገቱን ወጥተው ቤታቸው እስኪደርሱ ጋዙ ይወጣል። የሚጠጡት ጨው ጨው የሚል ውሃ ብቻ ነው። ገንዘባቸውን ለጋዙ ከፍለው!

እና ለምን ቀላል አይሆንም? አንድ ቆርኪ አንሱና ገልብጡት። ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቆርቆሮ ነው። ዙሪያውን 21 ጥርስ አለው። ውስጡ ላይ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፏል፣ ድሮ እውነተኛ ቡሽ ነበር የሚለጠፈው። የሚያሽገው ቆርቆሮው እንዳይመስላችሁ። ብረትና ጠርሙስ ምንም ያህል ቢጣበቁ በመሃል ጋዝ ያልፋል። እናቶቻችን አክንባሎውን ምጣዱ ላይ ደፍተው ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ሲዞሩት እንፋሎቱን የሚይዘው ጨርቁ ነው፣ አክንባሎው ጨርቁን ይጫናል እንጂ። ቆርኪም እንዲሁ ነው። የቆርቆሮው ሥራ ፕላስቲኩን የጠርሙሱ አፍ ላይ ጨምቆ መያዝ ነው፣ ጥርሶቹ ደግሞ ከከንፈሩ ሥር ገብተው ቆርቆሮውን ወደ ታች ይይዙታል።

ከመታሸጉ በፊት የቆርኪው ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ማሽኑ ላይ ጉሮሮ የምንለው ክብ ብረት ከላይ ወርዶ ይጨብጠውና ወደ 28.7 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። በትንሹ ሰፋ ካለ ጋዙ ይተነፍሳል፣ አየር ይገባል፣ ቢራውም የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያመጣል። በትንሹ ከጠበበ ደግሞ ቆርኪው አልነቀል ይላል፣ ሲነቀልም ከጠርሙሱ ከንፈር ቆንጥሮ ይወጣል። ከ28.6 እስከ 28.8 አካባቢ ነው መጫወቻው። የአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት አሥረኛ ማለት ነው። ለዚህ መለኪያ ቀለበት አለ፣ የታሸገው ጠርሙስ አፍ ላይ ትደፋዋለህ፣ ያልፋል ወይ አያልፍም። በየፈረቃው መለካት አለበት። ጉሮሮው እያለቀ ሲሄድ ቆርኪው እየሰፋ ይመጣልና አንድ ሰው ቸል ካለ ሳጥን ሙሉ ትንፋሽ ያጣ መጠጥ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሳጥን ግሮሰሪዬ ደርሶ ያውቃል፣ ከየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አልናገርም።

አሁን ግፊቱን አስቡት። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ያለ ቢራ ውስጥ ግፊቱ ከ1 ባር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ያው ጠርሙስ በጣርማ በር ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ ሲራገፍ ግፊቱ ወደ 3 ባር ይጠጋል። ሾፌሮች «ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ አየሩ ስለሚለወጥ ነው ቆርኪው የሚፈናጠረው» ይላሉ። ከፍታው አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ፤ ቁልቁል ሲወረድ የውጭው አየር ይከብዳል እንጂ አይቀልም፣ ስለዚህ ቆርኪውን እንዲያውም ወደ ታች ያግዘዋል። የሚገፋው ሙቀቱ ነው። ቢራ ሲሞቅ ጋዙን አልይዝም ይላል። 3 ባር ሲሆን ቆርኪውን ከታች የሚገፋው ኃይል ከ6 ኪሎ በላይ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ቢራው እንዳይበላሽ ተብሎ ታሽጎ ሳለ 60 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል፣ ያኔ ግፊቱ ከዚህ እጥፍ ይሆናል። ያቺ ስስ ቆርቆሮ የምትሸከመው ይኼን ነው። ይኼን ሁሉ ተቋቁማ ትይዝና የእማማ ጣት ሲነካት ደግሞ እሺ ትበል ነው የምንላት።

ይህን ቆርኪ የፈለሰፈው ዊልያም ፔይንተር የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ ባልቲሞር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1892። የመጀመሪያው 24 ጥርስ ነበረው። የሚገርመኝ ራሱ ፔይንተር በ1894 የመክፈቻ የፈጠራ መብትም አወጣ። አየህ፣ ከመጀመሪያውም ያለ መክፈቻ እንደማይሆን ገብቶት ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ባለ ሽቦ ክዳን ግን በእጅ ይከፈት ነበር። የሸክላ ቡሽ፣ ጎማ ቀለበት፣ በጎን ተጭነህ የምትከፍተው ሽቦ። ያ ክዳን እስከ ዛሬ አለ፣ ጥሩም ያሽጋል፣ ተመልሶም ይዘጋል። ለትልቅ ፋብሪካ ውድና ለማጠብ አስቸጋሪ ነው። ለጠጅ ነጋዴዎቻችን ግን ልክ ነው፤ ጠጅ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከምትሸጡ ይኼን ጠይቁ።

አሁን ወደ ተጠምዛዡ ልምጣ። አንባቢያችሁ ያየው ቆርኪ ራሱ ላይ ጥምዝ የለውም፣ ጥምዙ ያለው ጠርሙሱ አፍ ላይ ነው። ስስ ቆርኪ ጥምዙ ላይ ይጫናል፣ ማሽኑ ሲጨብጠው የጥምዙን ቅርጽ ይይዛል። ስታዞረው እንደ ብሎን እየወጣ ይመጣል። ብልህ ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን አሜሪካ ጠርሙሱ አንድ ጊዜ ተጠጥቶ ይጣላል። እኛ ጋ ጠርሙስ ይመለሳል። በሳጥን ውስጥ እየተጋጨ በፒስታ መንገድ ከመሃል ሜዳ ይመጣል፣ ከአለም ከተማ ይመጣል፣ በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፣ እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይሄዳል። ደህና የተያዘ ጠርሙስ ከ20 ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ያቺ ስስ የጠርሙስ ጥምዝ ይኼን ሁሉ ስትችል አትታየኝም። አንድ ቦታ ከተሸረፈች ማሸጊያዋ አለቀ። ከዚያ ደግሞ አገር ውስጥ ያለው ጠርሙስ በሙሉ መለወጥ አለበት፣ ይኼን የሚከፍለው በመጨረሻ ጠጪው ነው። ደግሞ የቆርኪው ጥርስ መዳፍ ይበላል። የእማማ እጅ አሁንም አይከፍተውም።

እኔ የምለው ባለ ቀለበቱን ነው። በቻይናና በጃፓን ይሠሩበታል። ቆርኪው ጠርዝ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀለበት አለው፣ ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ከጠርዝ ተነስቶ ወደ አናቱ የሚሄድ ሁለት ስስ ጭረት አለ። ቀለበቱን ስትስብ ቆርቆሮው በጭረቱ ተቀዶ ይከፈታል። ትልቁ ጥቅሙ አሁን ያለንን ተራ ጠርሙስ መጠቀሙ ነው፣ የጠርሙሱ አፍ አይነካም። ለምን ቀላል ሆነ? መክፈቻ ብዙ ጥርስ አንድ ላይ መንቀል አለበት። ቀለበቱ ግን ጉልበትህን በሙሉ አንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል፣ እዚያች ተቀደደች ማለት ሌላው ተከታትሎ ይሄዳል።

የባለ ቀለበቱ ጥበብ ያለው ጭረቱ ጥልቀት ላይ ነው። ብዙ ከጠለቀ ፋብሪካው ውስጥ 60 ዲግሪ ላይ ይፈነዳል፣ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ። ካልጠለቀ ቀለበቱ ተበጥሶ ጣት ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ መክፈቻም አይነክሰውም። የተቀደደው ጠርዝ ስለት እንዳይሆንም መታሰብ አለበት፣ ልጆች ቆርኪ ለዳማ ይሰበስባሉ። ዋጋውም ከተራው ይበልጣል፣ ማሽኑም ማስተካከያ ይፈልጋል። ይኼን አልደብቅም። ስለዚህ ሁሉም መጠጥ ዛሬ ይለወጥ አልልም። ቤት ተወስዶ በሚጠጣው ይጀመር፣ በጋዝ ውሃና በለስላሳ። ግሮሰሪ የሚጠጣው ቢራ ተራው ቆርኪ ይበቃዋል።

ከተማችን ሁለት ትልልቅ የቢራ ፋብሪካ አላት፣ ዳሸንና ሐበሻ። ዩኒቨርሲቲም አለን። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ይፈልጋሉ፣ ብዙው ወረቀት ላይ ይቀራል። ይኼ ግን እጅ ላይ ያለ ነገር ነው። ጭረቱ ስንት ሲሆን በስንት ኪሎ ይቀደዳል፣ በስንት ባር ይፈነዳል፣ ያረጀ እጅ ስንት ኪሎ ይስባል? ይኼን የሚለካ ተማሪ ከመጣ ግሮሰሪዬ ክፍት ነው፣ እማማንም አስተዋውቀዋለሁ።

እስከዚያው ዛሬውኑ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። የሳጥኑ ጎን ላይ፣ እጀታው ሥር፣ ትንሽ የብረት መክፈቻ ይታሰር። በሪቬት ይመታል፣ ከሳጥኑ ጋር ይሄዳል፣ ከሳጥኑ ጋር ይመለሳል፣ ኪስ ገብቶ አይጠፋም። እኔ ራሴ የቤቴ ሳጥኖች ላይ ከብየዳ ቤት አስቆርጬ ላስመታ አስቤ ነበር፣ ሳጥኑ ግን የፋብሪካው ንብረት ስለሆነ መብሳት አይፈቀድልኝም። ፋብሪካዎቹ ካልሠሩት እንኳ ይፍቀዱልን፤ ወጪው በእኛ ይሁን። ሠርግ የሚበዛበት ጥር ከመድረሱ በፊት መልስ ብናገኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
ባለ ግሮሰሪው አንባቢ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ