ልጆቻችን ድንጋይ የሚያሳያቸው ሰው ይፈልጋሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ቅዳሜ ዕለት የመሀል ከተማ ልጆች መዋያ አጡ ብላችሁ የጻፋችሁትን አነበብኩና ዝም ማለት አቃተኝ፣ ምክንያቱም እኔም አራት ኪሎ ነው ምኖረው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እሁድ እሁድ ስልክ ላይ ተጥደው ሲውሉ ማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ አውቀዋለሁ። እናንተ ስለ ኳስ ሜዳና ስለ መናፈሻ ነው የጻፋችሁት፣ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ማንም ስለማያነሳው ነገር ልጻፍላችሁ። ስለ ድንጋይ። በትክክል ለመናገር ድንጋይ ውስጥ ስላለ ፎሲል፣ ቅሪተ አካል ስለሚባለው።

ነገሩ የጀመረኝ በ2011 ክረምት ነው። እህቴ አሜሪካ ባፋሎ ከተማ ነው ምትኖረው፣ ልጠይቃት ሄጄ አንድ ቅዳሜ ልጇ "አጎቴ ትሪሎባይት ልናወጣ እንሂድ" አለኝ። ምኑን እንደሚለኝ አልገባኝም፣ ለካ ድሮ ባህር ውስጥ ይኖር የነበረ፣ አሁን ጨርሶ የጠፋ እንስሳ ነው፣ ቅሪተ አካሉን ከድንጋይ እናውጣ ማለቱ ነው። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ሀምበርግ የሚባል ቦታ ፔን ዲክሲ የሚሉት አለ፣ ድሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ ይቆፍርበት የነበረ ነው፣ አሁን ማህበር ያስተዳድረዋል፣ መግቢያ ከፍለህ መዶሻና መሮ ይዘህ ትገባለህ፣ ያገኘኸውን ይዘህ ትወጣለህ። አባት እናት ልጅ ሁሉም መሬት ላይ ተቀምጦ ድንጋይ ይፈለፍላል። ድንጋዩ ግራጫ ነው፣ እንደ እንጀራ ተደራርቦ የተቀመጠ፣ እና ከላይ ቢመቱት ዝም ብሎ ይደቃል እንጂ አይገለጥም፣ መሮውን በጎኑ በድርቡ መሀል አስገብቶ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ነው፣ ከዛ በቃ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። ዓይን ላይ ፍንጣሪ እንዳይገባ መነጽር ግዴታ ነው።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ያገኘሁት ስብርባሪ ነበር፣ ዛጎል፣ ቀንድ የሚመስል ኮራል፣ የጭራ ቁራጭ፣ የራስ ቁራጭ። የእህቴ ልጅ ነው ያስረዳኝ፣ ትሪሎባይት እያደገ ሲሄድ ቅርፊቱን እየጣለ ሌላ ያበቅላል፣ ስለዚህ ከሚገኘው ብዙው እንስሳው ራሱ ሳይሆን አውልቆ የጣለው ልብስ ነው። ሙሉውን ማግኘት እድል ነው። ወደ ማታ ላይ አንዱን ስገልጥ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር ተጠቅልላ ቁጭ ብላለች፣ አባጨጓሬ ሲነኩት እንደሚጠቀለለው፣ ያኔ ባህር ውስጥ የሆነ ነገር አስደንግጧት ተጠቀለለች፣ ጭቃ ወረደባት፣ 380 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደዛው ሆና ቆይታ እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየኋት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ትሪሎባይት የባህር እንስሳ ነው፣ ከዛሬ 521 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ታይቶ 252 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ጨርሶ ጠፋ፣ ሳይንቲስቶች ከ20 ሺህ በላይ ዝርያ ቆጥረውለታል። ስሙ ባለ ሦስት ክፍል ማለት ነው፣ ሰው ግን ራስ፣ አካልና ጭራ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ከራስ እስከ ጭራ በቁመቱ መሀል፣ ግራና ቀኝ ተብሎ ለሦስት የተከፈለ ስለሆነ ነው። የኔዋ ኤልድሬጅኦፕስ ራና ትባላለች። ራና በላቲን እንቁራሪት ነው፣ ዓይኗ እንደ እንቁራሪት ስለሚያፈጥ፣ ፊተኛው ስም ደግሞ በናይልስ ኤልድሬጅ የወጣ ነው፣ የሷንና የዘመዶቿን ዓይን ላይ ያሉትን የሌንስ ረድፎች እየቆጠረ ዝርያ እንዴት እንደሚለወጥ ያጠና አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ከስቲቨን ጄይ ጉልድ ጋር ሆኖ ባወጣው ጽሑፍ ዝርያዎች ብዙ ዘመን ሳይለወጡ ቆይተው ድንገት እንደሚለወጡ የተከራከረው ሰው።

አዲስ አበባ ስመለስ ፒያሳ እንዲህ ሳይፈርስ ነው፣ አንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ጋር ወሰድኳት። "ጋሼ እስቲ በአጉሊዎ ይዩልኝ" አልኳቸው። መብራት አስጠግተው አጉሊ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ብዙ ቆዩ። ከዛ "ይሄ ዓይን ነው፣ ፈርጥ በፈርጥ የተደረደረበት" አሉኝ። እውነትም እንደዛ ነው፣ ትንንሽ ክብ ክብ ነገሮች በረድፍ በረድፍ ተሰክተዋል፣ እያንዳንዱ ሌንስ ነው፣ የተሠራውም ከካልሳይት ነው፣ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን ማለት ነው። በድንጋይ ዓይን ነበር ሚያዩት። ሽማግሌው 50 ዓመት ፈርጥ ሲሰኩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ "ይሄን የሠራ እጅ አይደክመውም" ብለው መልሰው ሰጡኝ።

ከዛ በኋላ ልጄ ያዘችኝ፣ አባዬ እኛስ ጋ የለም ወይ። እዚህ ጋ ነው ትምህርቱ ያለው። እንጦጦም ሆነ እኛ የቆምንበት መሬት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ቢበዛ 30 ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው፣ ትሪሎባይት ካለቀ በጣም ብዙ ዘመን በኋላ የመጣ፣ በዛ ላይ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ውስጥ የባህር እንስሳ አይፈለግም። የአባይ በረሃስ? መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስንወርድ መኪናውን አስቁመን አሳየኋት፣ ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ፣ ከዛ ጀሶ፣ ታች ደግሞ አሸዋ ድንጋይ፣ ቁልቁል በወረድክ ቁጥር ዘመኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። የኖራ ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል አለ፣ ባህር ነበረና። ግን እሱም የጁራሲክ ዘመን ነው፣ ትሪሎባይት ካለቀ ከ80 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ባህር ነው። ልጄ ይሄን ስነግራት ትከፋለች ብዬ ስጠብቅ "ታዲያ የኛ ባህር የራሱ እንስሳ ነበረው ማለት ነው" አለችኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ነው ይሄ ነገር ቁም ነገር የሆነብኝ።

ከዛ ጉዞ አንዲት ጠጠር ይዘን አልመጣንም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ አይፈቀድም፣ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። ይሄን የምለው ጽሑፌን አንብቦ ነገ መዶሻ ይዞ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር ነው፣ አሜሪካ የሆነው ቦታ ለዚሁ ተብሎ የተፈቀደ ነው፣ የኛ ሀገር ደግሞ ድንቅነሽ በህዳር 1967 ሀዳር ላይ የተገኘችበት ሀገር ነው፣ ሁሉም ያየውን እየፈለፈለ ቢወስድ አምስት ኪሎ ሙዚየም ሄደን ምን እናይ ነበር? ቅሪተ አካል ከቦታው ከተነሳና የት ድርብርብ ላይ እንደነበረ ካልተጻፈ የሚነግረን ነገር ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ለመግዛት የምታስቡም ተጠንቀቁ፣ አንድ ጓደኛዬ ከሞሮኮ የመጣ ትሪሎባይት በቴሌግራም ገዝቶ በአጉሊ መነጽር ስናየው ላዩ ላይ የአየር አረፋ ቀዳዳ ነበረው፣ ሙጫ ነገር ቀልጦ ፈሶበት የተሠራ ነው።

ለማየት ግን ማንም አይከለክልም ብዬ እዚሁ መሀል ከተማ ጀመርን። ሕንፃዎቻችን ደረጃና ወለል ላይ የሚነጠፈው የኖራ ድንጋይ ተቆርጦ ሲወለወል ውስጡ ያለው ይታያል። ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ልጆቼ ጣታቸውን በውሃ እያራሱ ያሻሹታል፣ ሲርስ ይጎላል፣ እና ሦስተኛው እርከን ላይ ቀንድ አውጣ መሀል ለመሀል የተቆረጠች፣ ጥምዝምዟ እስከ ጫፏ የሚታይ፣ ከጎኗ ደግሞ እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጭን ነጭ ቅስቶች፣ የዛጎል ጠርዝ ናቸው። በስልክ መብራት እያየን ጥበቃው መጣና አባረረን። ልጆቼ ፊት ነው ያመናጨቀኝ፣ ድንጋይ ምን አለው፣ ወርቅ ነው ምትፈልጉት፣ ሂዱ። ምን ልበለው፣ ሥራው ነው፣ ግን ትንሿ ልጄ አለቀሰች። በሳምንቱ ሌላ ጥበቃ ነበር፣ እሱ አብሮን ቁጭ ብሎ "ወንድሜ ይሄ የእውነት እንስሳ ነው? እኔ እኮ በየቀኑ እየጠረግኩት" አለ።

ከዛ አንድ መስሪያ ቤት ሄጄ ልጆችን የሚያስጎበኝ ባለሙያ እንዲሰጡን ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ወደ ሌላ ክፍል መሩኝ፣ ሌላው ክፍል መልሶ ወደ መጀመሪያው፣ ሦስት ወር ሆነው። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያስተናግድ ሰው የተመደበ የለም፣ በቃ።

ስለዚህ በናንተ በኩል የምጠይቀው ይሄን ነው። እዚሁ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምድር ሳይንስ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፣ አምስት ኪሎ ሙዚየሙ አለ፣ ሁለቱ ተነጋግረው በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆች በከተማው ሕንፃ ድንጋይ እያዩ የሚሄዱበት፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ በዓመት አንዴ በፈቃድና በባለሙያ አባይ በረሃ ድረስ የሚወርዱበት መንገድ ይክፈቱልን። መዶሻ አንፈልግም። ውሃ በፕላስቲክ፣ አጉሊ መነጽር፣ ደብተር፣ ስልክ ለፎቶ፣ ይበቃል። ድንገት የሆነ ነገር ያየ ልጅ ለማን እንደሚናገር የሚያውቅበት አንድ ስልክ ቁጥርም ቢኖር፣ ያንን ቁጥር ጋዜጣችሁ ላይ ብታወጡልን። ወጪው የአንድ መምህር ግማሽ ቀን ነው፣ ወላጆች ለሻይና ለትራንስፖርት እናዋጣለን፣ እኔ የመጀመሪያዎቹን 20 ልጆች አሰባስባለሁ፣ የልጄ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ከዛ ይበልጣሉ።

ትሪሎባይቷ ቤቴ አለች፣ በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፌ አስቀምጫታለሁ። ፈቃደኛ የሆነ መምህር ከተገኘ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ይዣት እመጣለሁ፣ ልጆቹ ዓይኗን ይዩት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ