የሌጎ ክበብ በ2017 ዓ.ም፦ አንድ ጆንያ፣ ሁለት ዓይነት ግራጫ

በየዓመቱ የክበባት ዘገባ ሲወጣ የኛ ከቀይ መስቀል፣ ከሚኒ ሚዲያና ከአካባቢ ጥበቃ በኋላ ግርጌ ላይ ነው የምትለጠፈው፣ ዘንድሮ ግን አዘጋጆቹ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተውኛል፣ እና ሀሳባቸውን ሳይቀይሩ ቶሎ ልጻፍበት። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል የምንሰበሰበው እኛ ነን፣ የሌጎ ክበብ (ሌጎ ማለት ያ እየተገጣጠመ የሚሠራው የፕላስቲክ ጡብ መጫወቻ ነው)። መምህራን ማረፊያ ውስጥ "ልጆችህ ዛሬም ሲጫወቱ ዋሉ?" የሚሉኝ አሉ፣ አዎ ሲጫወቱ ዋሉ፣ እኔም አብሬ ስጫወት ዋልኩ፣ ጢም ያወጣ የሂሳብ አስተማሪ በፕላስቲክ ጡብ ሲጫወት ማየት ለደሴ ሰው ገና አዲስ ነገር ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

ንብረታችን አንድ ጆንያ ነው። ገሚሱ የኔ ነው፣ ልጅ እያለሁ አክስቴ ከቤሩት ስትመለስ ካመጣችልኝ ባልዲ ጀምሮ ያጠራቀምኩት። ገሚሱ ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ነው፣ ከልብስና ከጫማው ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣ አሻንጉሊት አለ አይደል፣ ነጋዴዎቹ ምን እንደሆነ ብዙም ስለማይጨነቁ በፌስታል ሞልተው ይሸጡልናል (እባካችሁ ይሄን መጽሔት ለነሱ አታሳዩብኝ፣ ዋጋ ይጨምራሉ)። ምንም ማኑዋል የለውም፣ ካርቶን የለውም፣ ከየትኛው ሞዴል እንደወጣ የሚያውቅ የለም። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የክበብ ንብረት አላውቅም፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እመጣበታለሁ።

መስከረምና ጥቅምት ያለቀው በመለየት ነው። ጆንያው ውስጥ ኦሪጅናል ሌጎ አለ፣ የቻይና አለ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅም አለ፣ ልጆቹ የራሳቸውን ምርመራ ፈጠሩ፣ ሁለት ፍሬ ይገጥሙና የላይኛውን ይዘው ያነሱታል፣ የታችኛው ተንጠልጥሎ ከቀረ "ይነክሳል"፣ ከወደቀ "አይነክስም" ተብሎ ሌላ ሳጥን ይገባል። በቃ ይሄው ነው። አንድ ወላጅ መጥተው "እና የማይነክሰው ፎርጅድ ነው?" አሉኝ፣ አይደለም፣ የሌጎ የመጀመሪያው ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 የጡቡን ቅርጽ እንደ ንግድ ምልክት የኔ ብቻ ነው ማለት አይቻልም ብሎ ወስኗል፣ ስለዚህ ጡቡን ማንም ሊሠራው ይችላል፣ የሌላውን የካርቶን ሥዕልና ስም መገልበጥ ነው ሌላ ጉዳይ። ግን ሕጋዊ መሆንና መንከስ ለየቅል ናቸው። ከቻይናዎቹም በደንብ የሚነክሱ አሉ ደግሞ፣ በጭፍን አንፍረድ።

ታዲያ የ7ኛ ክፍል ልጅ የሆነች አባላችን የጠየቀችው ጥያቄ ነው ክበቡን ክበብ ያደረገው። ከኔ ባልዲ የወጣ ድሮ የተመረተ ቀይ ጡብና አምና የተመረተ ሰማያዊ ጡብ ገጥማ "ቲቸር፣ እነዚህ ሳይተዋወቁ እንዴት ገጠሙ?" አለችኝ። ፊዚክስ ላብራቶሪ ሄደን ቨርኒየር ካሊፐር ተውሰን ለካን። ከአንዱ ጉጥ (አናቱ ላይ ካሉት ክብ ክብ እብጠቶች) መሃል እስከ ቀጣዩ ጉጥ መሃል 8 ሚሊ ሜትር፣ የጡቡ ቁመት ጉጡን ሳይጨምር 9.6 ሚሊ ሜትር፣ ስሱ ጠፍጣፋው 3.2፣ ማለት ሦስት ስስ ሲደረደር አንድ ሙሉ ጡብ ይሆናል። አሮጌውም አዲሱም አንድ ናቸው። ፋብሪካው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1932 ዴንማርክ ውስጥ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፣ ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል አናጢ የእንጨት መጫወቻ ይሠራ ነበር፣ ፕላስቲክ ጡብ የጀመሩት በ1949 ነው፣ ያኔ ግን ሆዱ ባዶ ስለነበረ ተገጥሞ አይቆይም። ልጁ ጎድትፍሬድ በጃንዋሪ 28 ቀን 1958 ሆዱ ውስጥ ቱቦ ያለውን ጡብ ፓተንት አስገባ፣ ጉጡ በቱቦውና በግድግዳው መሃል ተጨንቆ ይገባል፣ የመንከሱ ምስጢር እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ የተመረተ ጡብ ዛሬ ከሚመረተው ጋር ይገጥማል። የስልክ ቻርጀር እንኳን በየሁለት ዓመቱ በሚቀያየርበት ዘመን!

ጥንካሬውን በተመለከተ ልጆቹ ያላመኑኝን ነገር ልጻፈው። እንግሊዝ አገር ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት ሁለት በሁለት ጡብ በማሽን ጨምቀው ነበር፣ የተሸነፈችው 4,240 ኒውተን አካባቢ ላይ ነው፣ ወደ ኪሎ ስንመታው 430 ኪሎ ገደማ፣ እንደነሱ ስሌት የታችኛዋ እስክትጨፈለቅ 375 ሺህ ፍሬ መደርደር ይቻላል፣ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ቁመት ማለት ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ በላይ ያላት ከፍታ 600 ሜትር ገደማ ነው፣ እንግዲህ አስቡት። "ወላሂ ቲቸር ውሸት ነው" ያለኝ ልጅ ራሱ በ9.6 አባዝቶ አረጋገጠ።

ስለ ግራጫው። ጆንያችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ግራጫ አለ። የድሮው ሞቅ ያለ፣ ወደ አመድ የሚያደላ ነው፣ አዲሱ ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል፣ ኩባንያው ቀለሙን የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 አካባቢ ነው፣ ቡናማውንም ያኔ ነው የቀየሩት። በየአገሩ ያለ ትልቅ ሰው አፍቃሪ እስካሁን በዚህ ያኮርፋል፣ እኔም ትንሽ አኩርፌያለሁ፣ ዓመታት ያጠራቀምከው ግራጫ በአንድ ጊዜ ከአዲሱ ጋር አልመሳሰልም ሲል ያናድዳል። ልጆቹ ግን ግድም አልሰጣቸው። እዚሁ ደሴ ያለውን የመርሆ ግንብን ፊት ለፊት ሲሠሩ ሁለቱን ግራጫ አደባልቀው ደረደሩትና አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ መሰለ፣ እኔ በአንድ ዓይነት ግራጫ ብሠራው ያን ያህል አያምርም ነበር።

ጥር ላይ ደግሞ ሂሳብ ገባንበት (ክበቡን ለማስፈቀድ "ከትምህርቱ ጋር ይገናኛል" ብዬ ስለነበር ማሳየት ነበረብኝ)። ጥያቄው እንዲህ ነው፣ ሁለት በአራት የሆኑ ሁለት ጡቦች፣ ቀለማቸው አንድ፣ አንዱን በሌላው ላይ ስንት ዓይነት አድርገን መግጠም እንችላለን? መልስ ከስድስት ጀምሮ እስከ መቶ ድረስ መጣ። ከዚያ በሥርዓት ቆጠርን፣ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተኙ 7 ጊዜ 3፣ 21 ይሆናል፣ ከተመሳቀሉ 5 ጊዜ 5፣ 25፣ ድምር 46። ሁሉም ጨረስን ብለው ቦርሳ ሲያነሱ አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ ጠረጴዛውን ዞራ ከወዲያ ማዶ ቆመችና "እንዴ፣ ይሄኛው እኮ ያኛው ነው" አለች፣ ትክክል ናት፣ ብዙዎቹ ግማሽ ዙር ሲዞሩ ሌላ ቦታ የቆጠርነውን ይሆናሉ፣ ብቻቸውን የሚቀሩት ልክ አናቱ ላይ የተቀመጠውና መሃል ለመሃል የተመሳቀለው ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ 46 ላይ 2 ጨምረህ ለሁለት ስታካፍል 24። ሦስት ጡብ ሲሆን 1,060 ነው፣ እሱን በእጅ አልሞከርነውም። ስድስት ጡብ ሲሆን 915,103,765 ይደርሳል፣ ይሄን በኮምፒውተር የቆጠሩት የዴንማርክ የሂሳብ ሰዎች ናቸው። ስድስት ፍሬ ብቻ እኮ ነው! ያችን ዞራ ያየችውን ልጅ የሂሳብ ክበቡ ሊወስድብኝ ሞክሯል፣ አልሰጥም።

የዓመቱ ትልቁ ሥራ ሐረጎ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ ለምትመላለሱ አልገልጽላችሁም፣ ያንን ጥምዝምዝ የመኪና መንገድ በካርቶን ሠርተን ከመስኮቱ እስከ ወለሉ አወረድነው፣ የምትወጣ መኪና ደግሞ በሌጎ መሥራት ነው። ሞተር የለንም፣ የገንዘብ ላስቲክ ነው ያለን። የመጀመሪያዋ መኪና ላስቲኩ በቀጥታ ጎማውን የሚያዞር ነበር፣ ሜዳ ላይ ተፈተለከች፣ ሐረጎ ሥር ስትደርስ ግን ቁጭ። አባቱ ሲኖ የሚነዳ ልጅ አለን፣ "ቲቸር ይቺ በአራተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው" ብሎ ሳቀባትና ባለ 8 ጥርሱን ፒኞን (ትንሹን ማርሽ) ላስቲኩ ጋ፣ ባለ 24 ጥርሱን ኮሮና (ትልቁን) ጎማው ጋ አደረገ፣ ጉልበቷ ሦስት እጥፍ ሆነ፣ የምትሄደው ርቀት ደግሞ ሲሶ ሆነ፣ ወጣች ግን ሁለተኛው ኩርባ ላይ ላስቲኩ አለቀ። ላስቲክ ቢጨመር አክስሉ ይጣመማል፣ መኪናዋ ብትቀል ጎማው ይንሸራተታል፣ እንግዲህ በዚህ ክርክር ብዙ ሐሙስ አለፈ፣ እኔ ማዕዘን ላይ ተቀምጬ ጉልበትና ርቀት እንዴት እንደሚካካሱ በሰሌዳ ባስተምር ስንት ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር እያልኩ ነው። በመጨረሻ ሌላ ቡድን መኪናዋን ከላይ በክር የሚጎትት ዊንች ሠራ፣ ውስጡ እንደ ቡሎን የተጠመዘዘ ማርሽ ገብቶ ባለ 24ቱን ያዞራል፣ እጀታውን 24 ጊዜ ስታዞር ኮሮናው አንዴ ይዞራል፣ እጅህን ብትለቅ ደግሞ ወደኋላ አይመለስም፣ መኪናዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀጥ። የሲኖው ልጅ "ይሄ ነገር ፍሬን አያስፈልገውም" አለ፣ አይቶ የማያውቀውን ነገር ያየ ሰው ፊት ነበረው።

እና አሁን ወደ ካርቶኑ ጉዳይ። የካቲት ላይ ውጭ አገር የሚኖር የድሮ የትምህርት ቤታችን ተማሪ ሰው ሲመጣ አስይዞ አዲስ ያልተከፈተ ካርቶን ላከልን፣ ጋላክሲ ኤክስፕሎረር፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ 1,254 ፍሬ። ለማያውቅ ሰው፣ ይቺ የጠፈር መርከብ መጀመሪያ የወጣችው በ1979 ነው፣ ያኔ 338 ፍሬ ነበረች፣ አዲሷ ያኔ ልጅ ለነበሩ የዛሬ አባወራዎች ተብላ ተለቅ ተደርጋ የተሠራች ናት። ካርቶኑ ላይ 18+ ይላል። ልጆቹ ይሄን ሲያዩ ጉድ ፈላ፣ "ቲቸር አንተ ብቻ ነህ የምትነካው?"፣ ኧረ ምንም ችግር የለውም፣ ከ2020 ወዲህ የሚለጥፉት ትልቅ ሰው ሳያፍር እንዲገዛ ነው፣ ውስጡ ያው ጡብ ነው።

ሠራናት። አመለካከቴን ልናገር፣ አዲሶቹ ካርቶኖች አሠራራቸው ግሩም ነው፣ ጡብ ወደጎን ተገልብጦ ይገጠማል፣ ክንፉ ውስጥ አጥንት አለው፣ የድሮው መርከብ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጠፍጣፋ ነገር ነው፣ "የድሮው ይሻላል" እያሉ የሚያለቅሱ ሰዎች የድሮውን እንደገና ቢሠሩት ያፍሩ ነበር። እኔም ማታ ማታ ብቻዬን በማኑዋል ስሠራ ደስ ይለኛል፣ የሂሳብ ፈተና አርሜ ስጨርስ ሌላ ሰው ያሰበውን መከተል ዕረፍት ነው። ግን ከዚያ በኋላስ? ቲታኒክ 9,090 ፍሬ፣ አይፍል ታወር 10,001 ፍሬ፣ እነዚህን ሠርቶ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ አቧራ ከመጥረግ ሌላ ምን አለ? የድሮው ካርቶን ጥቂት ፍሬ ስለነበረው በሁለተኛው ቀን ትሰለቸዋለህ፣ ስለዚህ ታፈርሰዋለህ፣ ያኔ ነው የራስህን የምትጀምረው። የአዲሱ ችግር ማማሩ ነው፣ ለማፍረስ ያሳሳል።

እና ተከራከርን። ርዕሰ መምህሩ ለእንግዳ እንዲታይ ቢሮ መስታወት ውስጥ ትቀመጥ አሉ፣ ከልጆቹም ግማሹ ደገፋቸው፣ ሌላው ግማሽ ትፍረስና ጆንያ ትግባ አለ። እኔ የማፍረሱ ወገን ነበርኩ፣ ኩባንያው ራሱ ከዚያው ፍሬ ሁለት ሌሎች ትናንሽ መርከቦች እንዴት እንደሚሠሩ ያሳያል፣ ማለት አምራቹም አፍርሱት እያለ ነው። ስለ ኩባንያውም ነገርኳቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ሊከስር ደርሶ ነበር፣ አንዱ ምክንያት ለአንድ ሞዴል ብቻ የሚሆን ልዩ ልዩ ፍሬ መብዛቱ ነው፣ የፍሬው ዓይነት ከ12 ሺህ በላይ ሆኖ ነበር፣ በ2004 ዮርገን ቪግ ክኑድስቶርፕ የሚባል የ35 ዓመት ሰው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ዓይነቱን ወደ ግማሽ አካባቢ አስቀነሰው፣ ያዳናቸው ለሁሉም የሚሆነው ተራ ጡብ ነው። አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ግን "ቲቸር አንተ ቤትህ ውስጥ ያልፈረሰ የለህም?" ሲለኝ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ አለኝ፣ ስንት እንደሆነ አልናገርም። መጨረሻ ላይ መርከቧ እስከ ወላጆች በዓል ቢሮ ትቆይና ከዚያ ትፍረስ ተባለ። ፈረሰችም። ቢጫ መስታወቶቿ አሁን የመርሆ ግንብ መስኮት ሆነዋል፣ አራቱ ጠፈርተኞች ሐረጎ ላይ ትራፊክ ናቸው።

የወላጆች በዓል ላይ ያቀረብነው ሐረጎን ነው፣ መኪናዋ በሰው ፊት አልወጣም አለች፣ ዊንቹ አሳፍሮን አያውቅም። አባል 23 ደርሰናል፣ ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። ገንዘብ አልነበረንም አሁንም የለንም፣ ሪፖርቱ በዚህ በኩል አጭር ነው።

ለ2018 የምንፈልገው እንዲህ ነው። ቤታችሁ ልጆቻችሁ አድገው የተዉት የሚገጣጠም ጡብ ካለ አምጡልን፣ ኦሪጅናል ይሁን አይሁን አይጨንቃችሁም፣ ጎደለ ብላችሁ አትተዉት፣ ጎዶሎ ነው የምንፈልገው። በማስቲሽ የተጣበቀ ብቻ አይሁን። ከማምጣታችሁ በፊት ማጠብ ከፈለጋችሁ በእጅ፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሊጣመም ይችላል፣ ፀሐይ ላይ ደግሞ አታስጡት፣ ነጩ ቢጫ ይሆናል። ባለ 24 ጥርስ ማርሽ ያለው ሰው ካለ እስከ መስከረም አይጠብቅ፣ ክረምቱን ቤቴ ነኝ፣ ጥበቃው ጋ ስሜን ጠርታችሁ ተዉልኝ።