የታይፎይድ የደም ምርመራ ውጤት ከአቅሙ በላይ እየታመነ ነው

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ወደ ክሊኒክ የሄደ ሰው በብዙ ከተሞቻችን ለወባ፣ ለታይፎይድና ለታይፈስ በአንድ ጊዜ ደም ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይህን የተባሉና «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ማለት የለመዱ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። በላቦራቶሪ ባለሙያነቴ ይህ ልማድ በእጅጉ ያሳስበኛል።

አብዛኛው ክሊኒክ የሚጠቀምበት ዊዳል የተባለው ምርመራ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ሕመምተኛው ከዳነ በኋላ ለወራት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ የታይፎይድ ባክቴሪያ በሚመደብበት በሳልሞኔላ ወገን ባለ ሌላ ዝርያ ወይም በወባ የተያዘ ሰው ደምም ተመሳሳይ ምላሽ ሊሰጥ ይችላል። በአንጻሩ በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት የመጣ እውነተኛ የታይፎይድ ሕመምተኛ ነፃ ሊባል ይችላል። ስለዚህ በስላይድ ላይ አንድ ጊዜ ታይቶ፣ ታይተሩ (የአንቲቦዲው መጠን) እንኳ ሳይለካ «ሪአክቲቭ» (ምላሽ ሰጥቷል) ተብሎ የሚጻፍ ወረቀት ብቻውን ሕመሙን አያረጋግጥም። እንዲህ ባለው ወረቀት ተመርኩዞ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ትክክለኛው በሽታ፣ ወባም ይሁን ታይፈስ ወይም ሳንባ ነቀርሳ፣ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሴፍትሪያክሶን የተባሉት አንቲባዮቲኮችም ያለአግባብ ሲሰጡ ባክቴሪያዎች ይለምዷቸዋል።

የተሻለው መንገድ የደም ካልቸር ነው። ካልቸር ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ ከማሳየቱም በላይ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ይናገራል። ውጤቱ ቀናት እንደሚወስድ፣ ከሕመምተኞቹም ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ ሆኖም ይህ ድክመቱ የሚብሰው ደሙ ሲያንስና አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ ሲቀዳ ነው። ከአዋቂ ሰው 10 ሚሊ ሊትር ያህል ደም መቅዳት ይገባል፤ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ የዋጠ ሕመምተኛም ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ካልቸር የሚሠሩ ሆስፒታሎች የመጀመሪያው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ደም እንዲቀዱ፣ የጤና ቢሮዎችም አገልግሎቱ ከሌላቸው ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች ናሙና ወደነዚህ ሆስፒታሎች የሚላክበትን መንገድ እንዲዘረጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር