ለ1 ሊትር 20 ነው እንጂ 200 አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ እኛ ሐይቅ ከተማ የሚደርሰው ከደሴ በሚመጣ ሚኒባስ ነው። አንዳንዴ በወጣ በሦስተኛው ቀን ይገባል፣ አንዳንዴም ስኳር ተጠቅልሎበት እጄ ይደርሳል። ቢሆንም አነባለሁ። ሰሞኑን ስለ ዓሣ ማጥመድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ መንጠቆና ስለ ክር የተባለው ደህና ነው። የጀልባ ሞተሩ ላይ ስትደርሱ ግን ስህተት አለ። ለ1 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ቀላቅሉ ብላችኋል። መሆን ያለበት 20 ነው።

አንዲት ዜሮ ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። እኛ ሰፈር ያመጣችውን ልንገራችሁ። ጀልባ በማኅበር ገዝተው የሚሠሩ ልጆች አሉ። አንደኛው ጽሑፉን ከጋዜጣው ቆርጦ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት ቆርቆሮ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እንደተጻፈውም ቀላቀለ። ሞተሩ ተነሳ፣ ጭሱ እርጥብ እንጨት እንደገባበት ምድጃ ተንቦለቦለ፣ ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ ጠፋ። ልጁ ገመዱን ሲጎትት ረፈደ። እኔ ስደርስ ትከሻውን ይዞ ተቀምጧል። ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ፈታሁት። ጫፉ ጠቁሯል፣ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ከወጥ ድስት የወጣ ማንኪያ ነው የሚመስለው።

"አንተ ልጅ፣ ማነው እንዲህ ቀላቅል ያለህ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ጋዜጣው ነው" አለኝ።

እንግዲህ በደንብ እንነጋገር። ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልለት ቱ ስትሮክ የሚባለው ሞተር ነው። ፎር ስትሮክ ከሆነ ዘይቱ በራሱ ቦታ ለብቻው ይገባል፣ ቤንዚኑ ንጹሕ ሆኖ ይቀዳል። የአሁኖቹ ቱ ስትሮክ የጀልባ ሞተሮች አብዛኞቹ 50 ለ1 ናቸው። ማለትም ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ10 ሊትር 200። ሳስበው የእናንተም ስህተት እዚህ ጋ ሳይሆን አልቀረም። 200 ላይ ዜሮ አልጨመራችሁም፣ ከ10 ላይ ነው የጠፋችባችሁ። አዲስ ሞተር በማሟሻው ጊዜ ዘይት በዛ ይላል። አሮጌዎቹም ከዚህ የበለጠ የሚፈልጉ አሉ። የሞተሩን መመሪያ ሳያዩ መቀላቀል አይገባም።

እኔ የምለካው ከፋርማሲ በገዛሁት የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው። መርፌዋን አውልቄ ጥያታለሁ። አንድ ሲሪንጅ፣ አንድ ሊትር፤ መሳሳት የለም። መጀመሪያ ግማሹን ቤንዚን፣ ከዚያ ዘይቱን፣ ገጥሞ መነቅነቅ፣ ከዚያ የቀረውን ቤንዚን። ዘይቱም ለጀልባ ቱ ስትሮክ የተሠራው ይሁን። ከመኪና የተረፈ የሞተር ዘይት የሚጨምሩ አይቻለሁ። አመድ ይተዋል፣ ካንዴላ ይደፍናል። ቆጠብኩ ሲሉ ለጋራዥ ይከፍላሉ።

ይህን ሁሉ የምለው ቤንዚን የኖርኩበት ስለሆነ ነው። የቦቴ ሹፌር ነበርኩ። ከአሰብ ጭነን፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርገን ኮምቦልቻ ስንገባ ሸሚዛችን ላይ ጨው ይደርቅ ነበር። በ1990 ጦርነቱ መጥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ ዞርን። ከቦቴ የተማርኩት ትልቁ ነገር ውሃ ከታች ነው የሚተኛው የሚለው ነው። ስናራግፍ በመለኪያው ዘንግ ጫፍ ላይ ቅባት ይቀባ ነበር። ውሃ ሲነካው ቀለሙን ይቀይራል። ስንት ሺህ ሊትር ነዳጅ በዚያች ጣት በምታህል ቅባት ይፈተን ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ የማውቀው ሰውዬ አምና ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ማደያው ቤንዚን የለም አለ። መንገድ ዳር ከሚቸረችር ሰው በቢጫ ጀሪካን 10 ሊትር ገዛሁ። ሳላይ፣ ሳላሸት፣ ዘይት ቀላቅዬ ታንከሯ ውስጥ ገለበጥኩ። ከእህቴ ልጅ ጋር አመሻሹ ላይ አምባዛ ፍለጋ ወጣን። አምባዛ ሲመሽ ነው ወደ ዳር የሚጠጋው፣ የዶሮ አንጀት መንጠቆ ላይ አድርገህ መሬት ታስነካለታለህ። ገና መሐል ሳንደርስ ሞተሩ ሁለቴ ሳል አለ። ሦስተኛው ላይ ዝም። ጎተትን፣ ጎተትን። ነፋስ ተነሳ። መቅዘፊያችን አንድ ብቻ ነበር፣ ሁለተኛውን የእህቴ ልጅ "ሞተር እያለ ምን ያደርጋል" ብሎ ቤት ትቶታል። ሐይቁ ደግሞ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፣ መልህቅ የሚይዝ አይደለም። ነፋሱ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም አቅጣጫ እየገፋ ከሁለት ሰዓት በላይ አንከራቶን ደንገል ውስጥ ወሸቀን። የእህቴ ልጅ እስከዚያ ድረስ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሶ የማያውቀውን ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ የተረፈውን ቤንዚን በንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቼ መስኮት ላይ አቆምኩት። ቡና ተፈልቶ አቦል ሳይወርድ ለየ። ከላይ ቢጫ የሚል ቤንዚን፣ ከታች ሁለት ጣት ሙሉ ጥርት ያለ ውሃ። ጠርሙሱን ስነቀንቀው ውሃው ተበትኖ እንደ ጨሌ ፍሬ ድብልብል ሆነ፣ መልሶ ወርዶ ተጋጠመ። ባለቤቴ አይታ "አርባ ዓመት ነዳጅ የነዳው ሰው ይኸው ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሳላይ አልቀዳም። ቤንዚን ገዝቼ ስመጣ ጀሪካኑን ሳላንቀሳቅስ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ከታች ያለውን ሁለት ጣት ያህል ትቼ በቀስታ እገለብጣለሁ። ያቺን የቀረች ወደ ሃይላንድ አወጣና አያታለሁ። በነጠላ ጨርቅ ማጥለል ቆሻሻ ይይዛል እንጂ ውሃን አያስቀርም፣ በሱ አትተማመኑ። ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል ብዬ ከጠረጠርኩ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ይሄዳል። ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባታም ምልክት ጥሎ ይቀራል። ይህን ሙከራ ዘይቱ ሳይቀላቀል ነው ማድረግ፣ አለዚያ ዘይቱ ራሱ ምልክት ይተውና ነጋዴውን ያለጥፋቱ ታማላችሁ።

ውሃ የሚገባው ግን ሁልጊዜ በነጋዴ ተንኮል አይደለም። ግማሽ የቀረ ጀሪካን ክፍት ቦታ ሲያድር በሌሊቱ ብርድ ውስጡ ያለው አየር ያልበዋል። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ጠብታ በጠብታ ታች ይጠራቀማል። ስለዚህ ቤንዚን የሚያድር ከሆነ ሞላ ባለ ዕቃ፣ በጥላ፣ ክዳኑ ጠብቆ ይደር። ጢም ብሎ ግን አይሞላም። ሲሞቅ ስለሚሰፋ ትንሽ ክፍተት ይፈልጋል። ከከሰልና ከምድጃ ይራቅ ማለት ያሳፍረኛል፣ ግን ዓሣ ከሚጠበስበት ማዕድ ቤት ጥግ ጀሪካን ተቀምጦ ያየሁት አንዴ ብቻ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር። የታንከሩ ክዳን ላይ ትንሽ የመተንፈሻ ብሎን አለች። ስትሄዱ ትከፈት፣ ስታጓጉዙ ትዘጋ። ተዘግታ ከወጣችሁ ሞተሩ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ይታፈናል፣ እናንተም ካንዴላ ስትፈቱ ትውላላችሁ። በእጅ የምትጨመቀው የላስቲክ ፓምፕ ተጣብቃ ካያችሁ ነገሩ እሱ ነው።

"ሞተሬ ጉልበት የለውም" የሚሉም አሉ። እኛ ያለንበት ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ሐይቅ ላይ ሲደርስ አምስተኛው እጅ ሄዷል ማለት ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ይህ በዘይት አይድንም። መካኒኩ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው) ላይ ያለችውን የቤንዚን ቀዳዳ በትንሿ ይቀይርላችሁ። አርዲቦ ሐይቅ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ከእኛም ከፍ ትላላችሁና ይባስ።

አሁን ወደ ዓሣው። ጽሑፋችሁ ማጥመጃውን ለብቻ፣ ሞተሩን ለብቻ ነው ያየው። እኛ ዘንድ ግን አንድ እጅ ነው ሁለቱንም የሚሠራው። ቤንዚን በቀላቀለ እጅ ሊጥ የሚያድቦለቡል ሰው ቀኑን ሙሉ ክሩን አይቶ ይመለሳል። ዱባ የምንለው ካርፕ በተለይ አሽታች ነው፣ አፉ አስገብቶ መልሶ ይተፋዋል። ለሱ የበቆሎ ንፍሮ ወይ ሊጥ ነው የሚሆነው፣ በንጹሕ እጅ። ቆሮሶም በትንሽ መንጠቆ፣ በትል፣ ጠዋት ደንገሉ ጥግ ነው የሚገኘው፤ ሲነክስም በልኩ ነው፣ ቡሹን ነቅነቅ ያደርገዋል እንጂ አያሰጥመውም። ቤንዚን የነካኝ ቀን እጄን በአመድ እፈትጋለሁ፣ ከዚያ በሎሚ፣ ከዚያ በሳሙና። ከተቻለ ግን ነዳጁን አንድ ሰው፣ ማጥመጃውን ሌላ ሰው ይያዝ። እኛ ጀልባ ላይ ሊጡ የእህቴ ልጅ ሥራ ነው። መቅዘፊያውንም እሱ ነው የሚሸከመው፣ ሁለቱንም።

የተያዘውስ? ጀልባው ወለል ላይ ውሃና የተንጠባጠበ ቤንዚን ተቀላቅሎ ይተኛል። ዓሣ እዚያ ላይ ከተጣለ ሥጋው ይጠጣዋል። በሁዳዴ፣ ዓሣ በሚፈለግበት ሰዓት (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወው)፣ ደሴ የሸጥኩላት ደንበኛዬ በማግስቱ ደውላ "ጋሼ፣ ጠብሼው ቤቱ ማደያ ማደያ ሸተተኝ" አለችኝ። ገንዘቧን መለስኩላት። ዛሬ ዓሣው ክዳን ባለው ባልዲ ነው የሚገባው፣ ባልዲው ከፊት፣ ታንከሩ ከኋላ።

ክረምት ሲመጣ ሐምሌና ነሐሴን ሞተሩ ይቆማል። የሰኔን ቤንዚን ለመስከረም የሚያቆይ ሰው አለ። ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ የቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ ካርቡራተሩ ውስጥ ይደርቃል። ሽታውም ይቀየራል፣ እንደ ቫርኒሽ ይሆናል። በመጨረሻው ቀን የቤንዚኑን ጎማ ነቅላችሁ ሞተሩ ያለውን ጨርሶ እስኪጠፋ አሠሩት፣ ማቀዝቀዣ ውሃው ሳይቋረጥበት። ያረጀውን ቤንዚን ጋራዥ ያሉ ልጆች ዕቃ ለማጠብ ይወስዱታል። ሐይቁ ውስጥ አይደፋም።

ይህን የመጨረሻውን ጠበቅ አድርጌ ነው የምለው። ጣና ዓባይን ያስወጣል። የእኛ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። አንከርካህ የሚባል ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ሐይቁ ላይ የደፋችሁትን ታችኛው አገር የሚወስድላችሁ የለም። ቆሮሶው እንኳ ቀድሞ የዚህ ሐይቅ አልነበረም፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው ጫጩቱ መጥቶ የተለቀቀው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። ጫጩቶቹን የምትለቃቸው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፣ እኛ ጀልባ አቁመን ቤንዚን የምንቀዳበት ቦታ። ስለዚህ ታንከሩን አውርዳችሁ፣ ከውሃው ራቅ ብላችሁ፣ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ቅዱ። ይህ ለእሳትም ይበጃል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱ። ሲጋራውም ዳር ላይ ይለቅ።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ቁራጭ ጋዜጣ ልጁ ሊቀደው ነበር፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ስለ መንጠቆው የተጻፈው ይጠቅመዋል። በእስክሪብቶ ከ1 ጎን የጠፋችውን ዜሮ ጽፌለታለሁ። ሌላ ቦታ ሌላ ልጅ ለጥፎት ይሆናልና እርማቱን በሚቀጥለው እትም አውጡልን። ፊደሉ ደቃቅ አይሁን፣ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ መብራት የለም።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ የቦቴ ሹፌር፣ ከሐይቅ ከተማ፣ ወሎ