አፍንጫችሁን ላዋሳችሁኝ ጓደኞቼ

ይድረስ ለሦስታችሁ፣ ለአስተናጋጃችንና ስሙን ሳልጠይቅ ለወጣሁት ሼፍ።

ምስጋናዬ ዘግይቷል፣ ይቅርታ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም የሠርግ መጥሪያ እየመሰለብኝ ሰርዤዋለሁ። አሁን እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። ከኮቪድ ተነሳሁ፤ አፍንጫዬ ግን አልተነሳም። ትኩሳቱ ሲሄድ፣ ሳሉ ሲሄድ፣ ሽታን ይዘውብኝ ሄዱ። ሰው «እንኳን እሱ ብቻ ሆነ» ይላል። እውነቱን ነው፣ እኔም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ግን ድስት አሳርሮ ጭሱ ዓይን እስኪገባ አለማወቅን ያየ ያውቀዋል። ልብሴ ይሽተት አይሽተት ጠፍቶኝ በቀን ሁለቴ የምቀይርበት ጊዜ ነበር።

ምግብማ ተዉት። ምላስ ለብቻዋ የምታውቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ጣፋጭ፣ ጨው፣ ኮምጣጣ፣ መራራ፣ እና ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. «ኡማሚ» ብሎ የሰየመው፣ ጥሩ መረቅ ላይ የምናገኘው ጣዕም። የቀረው አብዛኛው ስናኝክ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣው ሽታ ነው። እሱ ከሌለ እንጆሪ ጣፋጭ ውሃ ነው። ዳቦም ስፖንጅ።

ስድስት ወር እንዲህ ቆይቼ የባሰው መጣ። አንዳንድ ሽታ ተመለሰ፣ ግን ተዛብቶ። ቡና የተቃጠለ ጎማ ሆነብኝ። ሽንኩርት ሲጠበስ ከቤት እወጣ ነበር። ለካ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ሰው ላይ የሚዛቡ ናቸው። አንድ ሐኪም «ይለመዳል» ብሎ አሰናበተኝ። ሌላዋ ግን የማሽተት ልምምድ አስጀመረችኝ። ጀርመን አገር በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የተሞከረ ነው፦ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍ፤ ጠዋትና ማታ፣ 12 ሳምንት። እኔ ሳምንቱን መቁጠር ትቼ ቀጠልኩ። አራት ብልቃጥ፣ አራት ጊዜ ባዶ።

በዚህ መሃል ነው አንቺ ደውለሽ «ቅዳሜ ማታ እንወጣለን» ያልሽኝ።

እምቢ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ምግብ ቤት መግባት ካስጠላኝ ቆይቶ ነበር። ሜኑ ይሰጡኛል፣ ሰላሳውን ምግብ አነባለሁ፣ የትኛው እንደማያቅለሸልሸኝ ስገምት ሁላችሁም በይሉኝታ ትጠብቁኛላችሁ። አስተናጋጁ ሁለቴ ተመላልሶ ይሄዳል። በመጨረሻ ነጭ ሩዝ አዝዛለሁ። አንቺ ግን ቀድመሽ አስበሽበታል። «ምርጫ የለም» አልሽኝ። «በአንድ ዋጋ ሰባት ኮርስ ነው፤ ተራ በተራ የሚመጣውን መብላት ብቻ።»

ያቺን «ምርጫ የለም» እንዴት እንደወደድኳት አታውቂም።

ደግሞ ቤቱ ቦታ ስታስይዢ «የማይስማማው ምግብ ያለ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በቋሚ ሜኑ የሚሠራ ወጥ ቤት ማን እንደሚመጣና ምን እንደሚበላ ቀድሞ ያውቃል፤ የሚገዛውም በዚያው ልክ ነው። አንቺም ሳታፍሪ የኔን ጉድ ዘርዝረሽ ነገርሻቸው። እኔ ብሆን አልናገርም ነበር።

ሼፍ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሳህኔ ከጓደኞቼ ሳህን በምንም አይለይም ነበር። ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ከኔ ላይ ብቻ መውጣቱን የነገሩኝ ስንወጣ ነው። መጀመሪያ የመጣችው በማንኪያ ላይ ያለች አንዲት ጉርሻ ትዝ ትለኛለች። ፈረንሳዮች አፍ ማዝናኛ የሚሏት ዓይነት። ላይዋ ብስኩት ነገር ነው፣ ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። ውስጧ በረዶ። ከዚያ ቆይቶ የቃሪያ እሳት መጣ። የቃሪያ ማቃጠልና የናና ቅዝቃዜ ከሽታ ጋር አይገናኙም፤ በሌላ የፊት ነርቭ ነው የሚሰሙን። ማለትም እኔ ያለኝን ለይታችሁ ለሱ አበሰላችሁ። ለስንት ወር አፌ ውስጥ ምንም ነገር ተከናውኖ አያውቅም ነበር።

ሁሉም ግን ድንቅ ነበር አልልም። አራተኛው፣ አረፋ የተደፋበት፣ ለብ ያለ ነገር ነበር። ወንበሩም ለሦስት ሰዓት አልተሠራም።

አንተ ወሬ የማያልቅብህ፣ በስንት ዓመታችን ወሬህ የጠቀመኝ ያን ማታ ነው። ሁላችንም ፊት ያለው አንድ ዓይነት ምግብ ስለሆነ እያሸተትክ ትነግረኝ ጀመር። እንጉዳዩ ሲመጣ «ይሄ ዝናብ እንደጣለ አፈር ነው» አልከኝ። ቅቤውን «ለውዝ ሊሆን ምንም አልቀረው» አልክ። አረፋው ጋ ስትደርስ ግን ጎንበስ አልክ፣ ቀና አልክ፣ «እዚህ ላይ እኩል ነን» አልከኝ። ውሃ አስተፋኸኝ እኮ!

ምግቡ ተራ በተራ መምጣቱም ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ድሮ በፈረንሳይ ትልልቅ ግብዣዎች ላይ ብዙው ሳህን ባንዴ ይደረደር ነበር አሉ። አንዱ ተነስቶ ሌላው የሚተካበት ወግ «የሩሲያ አቀራረብ» ተብሎ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የጀመሩትንም አብሬ ላመስግን። የታመመ አፍንጫ ግርግር አይችልም፤ አንድ ሽታ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ሌላ።

አምስተኛው ዓሣ ነበር። እርስዎ፣ ሽበታሙ አስተናጋጃችን፣ ሳህኖቹን አስቀምጠው ከኋላዬ ቆሙ። እኔ ከሦስተኛዋ ጓደኛችን ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነበር፤ ፎቶ አንስታ እስክትጨርስ ሁሉም እየቀዘቀዘብን። በትከሻዬ በኩል እጅዎ ሲያልፍ ክርክር የሚል የመፋቂያ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ነገር አፍንጫዬን ነካ አደረገው። ወሬኛው ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት «ቆይ፣ አትንገረኝ» አልኩት።

ከዚያ «ሎሚ ነው» አልኩ።

ማንም አልተናገረም። እንዳጋጣሚ ዓይቼው እንደሆነ ብዬ ዞር አልኩ፤ እጅዎ ላይ ግማሹ ልጣጩ የተፋቀ ሎሚ። ሁለት ሰከንድ ያህል ብትሆን ነው፣ ከዚያ ጠፋች። ያቺ ፎቶ አንሺ ስልኳን አስቀምጣ ስታለቅስ ያየሁት የዚያን ጊዜ ነው። እርስዎ ምንም ሳይሉ እንደገና ፋቁልኝ። ጠፋብኝ። ሦስተኛ ሲፋቁልኝ መጣች። ሌሎች ጠረጴዛዎች ይጠብቁዎት ነበር፣ አውቃለሁ። ዓሣዬ ከሎሚ በታች ተቀበረ፣ ኮመጠጠ፣ ጠርጌ በላሁት።

ተፈወስኩ እያልኩ አይደለም። መጨረሻ ላይ የመጣው ቡና አሁንም ጎማ ነበር፤ ገፋ አደረግኩት፣ አንተ ደረብክበት። ከብልቃጦቹም ዛሬ ድረስ የምትሸተኝ ሎሚዋ ብቻ ናት፣ እሷም ሲያሰኛት። ስንወጣ እርስዎ በናፕኪን ጠቅልለው የሰጡኝ ቁራጭ ሎሚ ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ጠጠር ደርቋል። አልጣልኩትም።

ሂሳቡን በተመለከተ ተሸውጃለሁ። ዋጋው ቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ሦስታችሁ ገና ሳልመጣ ተካፍላችሁ ከፍላችሁልኛል። ቦርሳዬን ይዤ ስንጎራደድ ዝም ብላችሁ አያችሁኝ።

ስለዚህ ትናንት ደወልኩላቸው። አራት ሰው፣ ያው ጠረጴዛ፣ ከፋይዋ እኔ፤ ቀኑን ለየብቻ እነግራችኋለሁ። «የማይስማማው ነገር ያለ ሰው አለ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኳቸው፣ «አንዷ ፎቶ ታበዛለች፣ ቶሎ የማይቀዘቅዝ ነገር ይሁን።»