የፊልም ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ያረምነው ወሬ

ክበባችን የዘንድሮውን ሥራ የጀመረው በስህተት ነው። በጥቅምት ወር በጠዋቱ ሰልፍ ላይ፣ በሚኒ ሚዲያ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» የሚል ዝግጅት አቅርበን ነበር። በዚህም ፈረንሳውያኑ ፊልም ሠሪዎች የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 በፓሪሱ ግራንድ ካፌ የመጀመሪያውን የሕዝብ የፊልም ትርኢት ባሳዩበት ምሽት፣ ወደ ተመልካቹ የሚገሰግሰው ባቡር ሰዉን አስደንግጦ ከአዳራሹ እንዳስወጣ ተረክን፤ ተማሪውም በሳቅ ተቀበለን። በሳምንቱ ግን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባል የዚያን ምሽት የፊልሞች ዝርዝር ፈልጋ አገኘች። በዝርዝሩ አሥር አጫጭር ፊልሞች አሉ፤ ባቡሩ ግን የለም። የባቡሩ ፊልም ለሕዝብ የታየው በተከታዩ ዓመት ሲሆን፣ ተመልካቹ ሸሸ የሚለውንም ወሬ የሚደግፍ ዘገባ በዘመኑ ጋዜጦች እንዳልተገኘ የሲኒማ ታሪክ አጥኚዎች ጽፈዋል። ደግሞም ጀርመናውያኑ የስክላዳኖቭስኪ ወንድማማቾች ሁለት ወር ያህል ቀድመው በበርሊን በክፍያ ፊልም አሳይተው ስለነበር፣ «የመጀመሪያው» የሚለው ቃላችንም መታረም ነበረበት። ማረሚያውን በሰልፍ ላይ ስናነብ የሳቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ማንኛውም አስገራሚ ወሬ ሁለት አባላት ለየብቻ ሳያጣሩት ወደ ማይክሮፎን እንዳይቀርብ ወሰንን። በዚህ ደንብ የተነሳ ዝግጅታችን ከየሳምንቱ ወደ የአሥራ አምስት ቀኑ ዝቅ ቢልም፣ እኔ በበኩሌ አልተጸጸትኩም።

አባላቱን ከሁሉ ይበልጥ ያከራከራቸው በሊዮን ከተማ ከሉሚየር ፋብሪካ የሚወጡትን ሠራተኞች የሚያሳየው ፊልም ነው። አንድ ደቂቃ የማይሞላው ይህ ፊልም ሦስት ቅጂ ያለው ሲሆን፣ አጥኚዎች የሚለዩአቸው በአንደኛው አንድ ፈረስ፣ በሌላው ሁለት ፈረሶች በመኖራቸው፣ በሦስተኛው ደግሞ ፈረስ ባለመኖሩ ነው። የልብሱና የጥላው መለያየት በተለያየ ጊዜ መቀረጻቸውን ስለሚያሳይ፣ ሠራተኞቹ ለካሜራው ሲሉ በድጋሚ ወጥተዋል ማለት ነው። ታዲያ ይህ እውነተኛ ክስተት ነው ወይስ ድራማ? ጥያቄው ሁለት ዓርብ ከሰዓት ፈጀብን፤ አልተቋጨም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ እጅ ሥራ ገባን። የሉሚየር ካሜራ በእጅ እየተዘወረ በሰከንድ አሥራ ስድስት ያህል ምስል ይቀርጽ ስለነበር፣ በዚያው ልክ ለሦስት ሰከንድ የሚበቃ 48 ገጽ ያለው፣ በአውራ ጣት እየተገላበጠ የሚታይ የወረቀት ፊልም አዘጋጀን። የምትሮጥ ልጅ ናት። ሦስት ሰከንዱ ሦስት ሳምንት ወሰደብን። መብራት በነበረ ቀን ደግሞ የሉሚየርን «የግንብ ማፍረስ» ፊልም ወደ ኋላ እያስኬድን አየን፤ እ.ኤ.አ. በ1896ም እንዲሁ ይታይ ነበርና የወደቀው ግንብ ከአቧራው መሐል ተነስቶ ሲቆም ከሰባተኛ ክፍል የመጡት እንግዶቻችን አጨበጨቡ።

የጆርጅ ሜሊየስ ታሪክ ግን አሳዘናቸው። ከ500 በላይ ፊልሞችን የሠራው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1923 የቀሩትን ኔጋቲቮች (ፊልሞቹ የሚባዙባቸውን ዋና ቅጂዎች) በገዛ እጁ አቃጥሎ፣ ኋላ በፓሪስ ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ አሻንጉሊትና ከረሜላ ሸጧል። መንገድ ላይ ሲቀርጽ ካሜራው ለአፍታ ተሰናክሎ ቆሞ ሲቀጥል የሕዝብ ማመላለሻው ሠረገላ በፊልሙ ውስጥ ወደ አስከሬን ተሸካሚ ሠረገላ እንደተለወጠ የሚነገረውን ግን ያቀረብነው «ራሱ እንደተረከው» በሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከሜሊየስ በቀር ምስክር የለውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ከቀደምቶቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱን «ሰይጣን ቤት» ይሉት እንደነበር አቅርበናል። ይህን ለማጣራት አባላቱ መጽሐፍ ከመክፈታቸው በፊት ወደ አያቶቻቸው ሄደዋል፤ ያልሰማ አያት አልተገኘም።

የወረቀት ፊልሙ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ተቀምጧል። ብዙ እጅ ስለነካው ሁለት ገጾች ጠፍተውበታል፤ ስለዚህ የምትሮጠው ልጅ መሐል ላይ ስትደርስ፣ ልክ እንደ ሜሊየስ ሠረገላ፣ ድንገት ትዘልላለች።