ለገና ማለዳ ኦቨናችሁን ለከፈታችሁልን ሁሉ

የተከበራችሁ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖሩ ጎረቤቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ እላለሁ። በዓሉ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፤ መልእክቴ የዘገየው በዚያ ግርግር ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ አንድ በአንድ ጠይቄ ሳልረዳ በጅምላ «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ብዬ ማለፉ ስላልተዋጠልኝ ነው። በዕለቱ የበላችሁት የቀረፋና የስኳር ጥምዝ፣ ትሪው ላይ ተደርድሮ ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ከየት ከየት ተሰብስቦ እዚያ እንደደረሰ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን፤ ስለዚህ በዝርዝር ልንገራችሁ።

እንደምታውቁት የ2017 ዓ.ም. ገና የዋለው ማክሰኞ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ነበር። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን ስንመለስ፣ ጥቂት ዐረፍ ብለን በሕንፃችን ምድር ላይ ባለው የጋራ አዳራሽ የረፋድ ማዕድ አብረን እንድንቆርስ ከተስማማን ቆይተናል። ዶሮ ወጡንና ድፎ ዳቦውን እናቶች ተከፋፍለው ያዙ። ከእነርሱ ጋር ልጆቹ በጉጉት የሚጠብቁት፣ ከቡናም ጋር የሚሄድ ጣፋጭ እንዲኖር ስለፈለግን ደግሞ ለ240 ቁራጭ አንድ ዳቦ ቤት አዝዘን፣ የማዘዙን ኃላፊነት እኔ ወሰድኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዳቦ ቤቱ ተደወለልኝ፤ ሊመጣ ነው በተባለው በረዶ ምክንያት ሰኞ ሠራተኛ እንደማይገባና ትእዛዙ እንደተሰረዘ ነገሩኝ። ሰው በዚያ መንገድ ላይ እንዲነዳ ማን ይፈርዳል? ገዥው ዌስ ሙር አስቸኳይ ጊዜ አውጀው፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ሰኞ ዝግ መሆናቸው ተነግሮ ነበርና ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ስልኩን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ምክንያቱም ሁለት መቶ የሚያህል ሰው ይጠብቃል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ምስጋናዬ፣ ደውዬ ገና ሳልጨርስ መኪናውን አስነሥቶ ለወጣው፣ በአራተኛው ፎቅ ለሚኖረው ወንድማችን ነው። ዳቦና ወተት ለመግዛት ሰው በተጋፋበት በዚያ ምሽት ሦስት ሱቅ ዞሮ፣ ፐፍ ፔስትሪ የሚባለውን፣ ተዘጋጅቶና በረዶ ሆኖ የሚሸጠውን ድርብርብ ሊጥ ዐሥር ሳጥን ይዞልኝ መጣ። በየሳጥኑ ሁለት ሉህ አለ፤ ከአንዱ ሉህ ዐሥራ ሁለት ጥምዝ ይወጣል፤ ሒሳቡ ልክ 240 ሆነ። ይህን ሊጥ በቤት ውስጥ ከመነሻው ለመሥራት ቅቤውን በሊጥ ጠቅልሎ ደጋግሞ መዳመጥ፣ ደጋግሞም ማጠፍና ማቀዝቀዝ ስለሚጠይቅ ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ የተዘጋጀው ሲኖር ግን ሥራው ለሕፃን እንኳ የሚቀል ነው።

ሰኞ ጠዋት ስንነሣ በረዶው መሬቱን ሸፍኖ ነበር። ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች በሙሉ እኔ ቤት ተሰበሰቡ፤ ሰባት ነበሩ። የአሠራሩን ሂደት ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ እጽፈዋለሁ። ሊጡ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ዐርባ ደቂቃ ያህል ከቆየና ሳይሰበር መዘርጋት ከቻለ በኋላ በስሱ ይዳመጣል፤ የቀለጠ ቅቤ ይቀባል፤ ለአንድ ሳጥን ግማሽ ኩባያ ስኳር ከአንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋና ከቁንጥር ጨው ጋር ተቀላቅሎ ይነሰነስበታል፤ ለሁለት ታጥፎ ጫን ጫን ይደረጋል፤ ከዚያ በዐሥራ ሁለት ቀጫጭን ቁራጭ ተቆርጦ እያንዳንዱ እንደ ሹሩባ ይጠመዘዛል። ፓትራው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት ማንጠፍን አትርሱ፤ የሚፈስሰው ስኳር ካለ ወረቀት ይጣበቃል፣ ሥሩም ያርራል። ኦቨኑ አስቀድሞ በ400 ፋራናይት፣ በሴልሺየስ 200 ገደማ ይሞቃል፤ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስጢር ግን ሊጡ ወደ ኦቨን ሲገባ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። በንብርብሩ መካከል ያለው ስብ ሳይቀልጥ ድንገት ከኃይለኛ ሙቀት ጋር ሲገናኝ፣ በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ ንብርብሮቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል፤ ስቡ አስቀድሞ ከቀለጠ ግን ሊጡ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጠፍጣፋ ይሆናል። ቤቴ በሰውና በኦቨን ሙቀት ስለታፈነ ሊጡ እየለሰለሰ ሲያስቸግረን፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ በረንዳውን ከፍታ የተጠመዘዙትን በፓትራ እንደሸፈነቻቸው በረዶው ላይ ደረደረቻቸው። ዳቦ ቤቱን የዘጋብን በረዶ ያን ቀን ሙሉ ማቀዝቀዣ ሆነልን። ልጄ፣ ያቺ ሐሳብ ያንቺ ናት፤ ሰው ሁሉ እንዲያውቅልሽ እፈልጋለሁ።

ከኅዳር 15 ጀምሮ በጾም ላይ ስለነበርን ሌላ ችግር ነበረብን፤ የምንጋግረውን መቅመስ አንችልም። ቅቤ የተቀባ ነገር ከቅዳሴ በፊት አፋችን አይገባም፤ ሳይቀመስ ለሁለት መቶ ሰው ማቅረብ ደግሞ ድፍረት ነው። መፍትሔውን ያገኘችው ያቺው ልጅ ናት። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዝርዝር አንብባ፣ የገዛነው ሊጥ በአትክልት ዘይት የተሠራ እንጂ ቅቤም ወተትም እንደሌለበት አሳየችኝ፤ ስለዚህ ስድስት ቁራጭ በቅቤ ፋንታ በዘይት ቀብተን ጋገርንና የስኳሩን፣ የቀረፋውንና የጨውን ልክ በእነርሱ ቀመስን። ቅቤ የተቀባውን ደግሞ የቀመሰችልን ከሦስተኛው ፎቅ የመጣችው፣ ትውልዷ ወሎ የሆነ ሙስሊም እኅታችን ናት። ሁለት ጊዜ ቀምሳ «ጨው ያንሰዋል» አለች፤ ልክ ነበረች። ጾማችንን ጠብቃ፣ ቅምሻውን ራሷ ተሸክማ፣ አብራን ቀኑን ሙሉ ቆመች።

ስለ ቀረፋውም ምስጋና የሚገባት አለች። በሕፃናት ክፍል የምትሠራው ነርስ እኅታችን ከየቤቱ የመጣውን ቀረፋ ዕቃ ሁሉ አስወጥታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በአንዳንድ የተፈጨ ቀረፋ ውስጥ ከፍ ያለ የእርሳስ ብረት እንደተገኘ በመግለጽ ሸማቾችን ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ዕድገት ይጎዳል። ዝርዝሩን በስልኳ ከፍታ እያንዳንዱን ዕቃ አመሳከረች፤ አንዱ በዝርዝሩ ላይ ስለነበረ ያለ አንዳች ማመንታት ጣለችው። ሥራ በበዛበት ሰዓት ይህን ማድረጓ ያን ጊዜ ጊዜ ማጥፋት መስሎኝ ፊቴን አጥቁሬባት ነበር። እኅቴ፣ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ልጆቻችንን አንቺ ጠበቅሽልን።

ከአንደኛው ፎቅ የመጡት እማማ ደግሞ ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ኮረሪማ አውጥተው «ቀረፋ ብቻውን የሻይ ነው፤ ይህን ጨምሩበት» አሉን። ለግማሽ ኩባያ ስኳር ሩብ የሻይ ማንኪያ ወቅጠን ጨመርን፤ ልጆቹ በኋላ ለይተው እየፈለጉ የጨረሱት ኮረሪማ ያለበትን ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የእኔ ውሳኔ ሁሉም ኮረሪማ ይኖረዋል የሚል ነው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው ፓትራ ውስጥ እንዳለ፣ ኦቨኔ ቀጥ አለ። የሚያግለው ሽቦ ተበጥሶ ኖሯል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የቀረን አምስት ሰዓት ነበር፤ በረንዳው ላይ ከሁለት መቶ በላይ ያልተጋገረ ጥምዝ ተደርድሯል። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ይህን ያዩት ልጆቹ ናቸው። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ተነሥተው ደረጃውን ወጥተው እየወረዱ በር ማንኳኳት ጀመሩ።

አምስት በር ተከፈተ። ከእነርሱ አንዱ የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ የሆኑት ጎረቤታችን ቤት ነው። አማርኛ አያውቁም፣ እኔም ስፓኒሽ አላውቅም፤ ትንሿ ልጃቸው እያስተረጎመች በማግስቱ ገና መሆኑን ስነግራቸው፣ ያ ዕለት፣ ጃንዋሪ 6፣ በእነርሱ ዘንድ ሰብአ ሰገል የሚታሰቡበት ቀን እንደሆነ ነግረውኝ፣ ምድጃቸው ላይ የነበረውን ድስት አንሥተው ኦቨኑን ለቀቁልኝ። ከወሎዋ እኅታችን ቤት፣ ከነርሷ ቤት፣ ከጋሼ ቤትና አዲስ ከተጋቡት ወጣቶች ቤትም እንዲሁ ጋገርን። የአንዱ ኦቨን ሙቀት ከሌላው አይገጥምም፤ አንዱ በ14 ደቂቃ ያደርሳል፣ ሌላው 19 ይፈልጋል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ በየበሩ ላይ ደቂቃውን ጽፎ ለጥፎ፣ ሰዓቱን በስልክ እየቆጠረ፣ ከፎቅ ፎቅ ሲሮጥ አመሸ። አንድም ፓትራ አላረረም።

ምሽቱን እንደገና በረዶ ሲጥል፣ ከበሩ እስከ መኪና ማቆሚያው ያለውን መንገድ ጠርገው፣ ጨው በትነው፣ አረጋውያኑን ደግፈው እስከ ቤተ ክርስቲያን ያደረሱ ወጣቶች አሉ። ስማችሁን እንዳልጽፍ ለምናችሁኛል፤ ክፉ አይንካችሁ።

እኛ ማሕሌቱና ቅዳሴው ላይ ስናድር የተጋገረውን ሁሉ የጠበቁት የወሎዋ እኅታችንና ባለቤቷ ናቸው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተመልሰን እንቅልፍ ላይ ሳለን፣ እነርሱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጥምዙን በ300 ፋራናይት ለአምስት ለአምስት ደቂቃ እየመለሱ ያሞቁ ነበር፤ ይህ ሊጥ ካደረ በኋላ የሚመለስለት መንኮሻኮሽ በዚህ ብቻ ነው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ስንገባ ቀረፋውና ቡናው አንድ ላይ ሸተቱን። በጀበናው ፊት የተቀመጠችውም እርሷ ናት። ከአርባ ቀን በላይ ከቆየ ጾም በኋላ ቅቤ የቀመሱ ሕፃናት ሲጮኹ፣ ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ኬክ ቤት አባታቸው የሚገዙላቸውን ስኳር የተነሰነሰበት ቦምቦሊኖ ሲያስታውሱ፣ እኔ ጥግ ቆሜ ከማመስገን በቀር ቃል አልነበረኝም።

እኅቴ፣ ኦቨኔ ተጠግኗል። በየካቲት ረመዳን ሲገባ የአፍጥሩን ሳምቡሳም ሆነ ጣፋጭ እኔ ቤት ጋግሪ፤ በጾማችሁ ሰዓት ቀማሽ ስትፈልጊም እኔ አለሁ። ቁልፉን ከልጄ ጋር ልኬልሻለሁ።

በመጨረሻ፣ ሦስት ጥቁር ፓትራና አንድ የሽቦ ማቀዝቀዣ እኔ ዘንድ ቀርተዋል፤ ከፓትራዎቹ አንዱ ጥጉ ላይ ታጥፏል። ባለቤቶቹ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ፎቅ መጥታችሁ ብትወስዱ ደስ ይለኛል፤ ቡና አፈላለሁ።

በታላቅ አክብሮትና ፍቅር፣
የገና ማለዳው ማዕድ አስተባባሪ